ቸኮሌት የለበሰ ፍራፍሬ በአዳማ ሙቀት፦ የቤት ውስጥ አሠራር

ቸኮሌት ሁለት ጠላት አለው፤ ውሃና ሙቀት። የፍራፍሬ አብዛኛው አካል ውሃ ነው፤ አዳማም ሙቀቷን ከማንም አትደብቅም። እዚህ ከተማ ውስጥ ሙዝና ብርቱካን ቸኮሌት ለማልበስ የተነሣ ሰው ሁለቱንም ጠላቶች በገዛ እጁ ወደ ማዕድ ቤቱ ጠርቷል ማለት ነው። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። የእኅቴ ልጅ ልደት ሚያዝያ ላይ ነው። እንጆሪውን አጠብኩ፣ በፎጣ አበስ አበስ አደረግኩት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቸኮሌት አቅልጬ መንከር ጀመርኩ። አራተኛው እንጆሪ ላይ ስደርስ ሳህኑ ውስጥ ያለው ቸኮሌት ቋጥሮ በደንብ ያልተገነፋ ገንፎ መሰለ። እንደምንም ያለበስኳቸውም ሻማው እስኪበራ ድረስ ላብ አልቧቸው ትሪው ላይ ተዘርረው ነበር። ልጆቹ ምንም አልከፋቸውም፤ ጣታቸውን እየላሱ ጨረሱት። የከፋኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ትሪ እንደሠራሁ አልቆጠርኩም። ሥራው ምድጃ ላይ የሚቆየው 15 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ልዩ ዕቃ አይጠይቅም፤ ኦቨን በሌለበት ቤት ከኬክ ይልቅ ይህ ይቀላል። ጊዜ የሚፈልገው ከምድጃው በፊት ያለው ነው፦ ሰዓት መምረጥና ፍሬውን ማድረቅ። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ ቀሪው የእጅ ልምድ ብቻ ነው።

መቼ ይሠራል?

እውነተኛ ቸኮሌት የሚጠነክረውም የሚቀልጠውም ውስጡ ባለው የካካዋ ቅቤ ነው። ይህ ቅቤ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል፤ መለስለስ የሚጀምረው ግን ገና 30 ሳይደርስ ነው። የሰው አፍ 37 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቸኮሌት ምላስ ላይ ሲያርፍ ይሟሟል። አሁን ይህንን ወደ አዳማ አምጡት። ከየካቲት እስከ ግንቦት የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሲደርስ የሚደነቅ የለም። ምድጃ የተለኮሰበት ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ማዕድ ቤት ሲጨመርበት፣ ለቸኮሌቱ ቤቱም አፍ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ወይ ከንጋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ እሠራለሁ፣ ወይ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ማታ የነከርኩትን ፍሪጅ ሳላስገባው ጠዋት ጠንክሮ አገኘዋለሁ። በሚያዝያ ግን ረፋድ ላይ መጀመር ከንቱ ልፋት ነው። ማታን የሚመርጥ ሰው የመብራቱን ነገር ቀድሞ ያስብበት። ከከተማችን በላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች በሁለቱም ምዕራፎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ እነርሱ ኮረብታው ላይ እየዞሩ እኛ ከታች ሻማ የምንፈልግበት ምሽት ግን አይጠፋም። ለማቅለጥ ከሰልም ይበቃል። በሞቃት ወራት ለማጠንከር ግን ፍሪጅ የግድ ነውና መብራት ተመላላሽ በሆነበት ቀን ቸኮሌቱን አትክፈቱት።

የትኛው ቸኮሌት?

ሱቅ ውስጥ ቸኮሌት ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው በካካዋ ቅቤ የተሠራው እውነተኛው ነው። ሁለተኛው የካካዋ ቅቤው ወጥቶ በምትኩ የፓልም ወይም ሌላ የአትክልት ዘይት የገባበት ነው፤ የኬክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች በትልልቅ ጡብ መልክ በኪሎ የሚያቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ለመለየት የጀርባውን ጽሑፍ ማንበብ ነው፤ ከፊት ለፊት ያለው ሥዕል ሁልጊዜ ያማረ ስለሆነ አይታመንም። ከስኳሩ ቀጥሎ የአትክልት ዘይት ከተጻፈ ሁለተኛው ነው።

ይህንን ሁለተኛውን የሚንቁ አሉ። እኔ አልንቀውም። ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ያለ ብዙ ጣጣ ይጠነክራል፣ ያብረቀርቃል፣ በረንዳ ላይ በሚደረግ የልጆች ልደትም ከእውነተኛው የተሻለ ይቆማል። ጣዕሙ ግን ላንቃ ላይ እንደ ሰም ይቀራል። ለልጆች ብዛት ላለው ድግስ እርሱን፣ ቡና ለሚጠጣ እንግዳ ደግሞ ካካዋው ከ55 እስከ 70 በመቶ የሆነውን ጥቁር ቸኮሌት እመርጣለሁ። እውነተኛው ውድ ነው። ካካዋ በብዛት የሚመጣው ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ገበያ የአንድ ቶን ዋጋ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ ያ ንረት እኛ ሰፈር ሱቅ መደርደሪያ ላይም ታይቷል።

200 ግራም ቸኮሌት አራት ሙዝ ተቆራርጦ ወይም 20 ያህል እንጆሪ ያለብሳል። ከዚህ ባነሰ መጠን አትጀምሩ፤ ቸኮሌቱ ሳህኑ ውስጥ ጥልቀት ያጣና ፍሬው ከመንከር ይልቅ መቀባት ይሆናል። ዳቦ ላይ የሚቀባው ለስላሳ ቸኮሌት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢያድርም አይጠነክርም። የካካዋ ዱቄት በስኳርና በውሃ በጥብጦ መሞከርም እንዲሁ ነው፤ የሚገኘው ሾርባ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ለአዳማ ሰው ልንገር። ከውጭ የሚገባው ቸኮሌት አብዛኛውን ጊዜ በጅቡቲ መንገድ፣ በአፋር ሙቀት አልፎ ነው እዚህ የሚደርሰው። ማሸጊያውን ስትከፍቱ ላዩ ግራጫ ወይም ነጭ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ቸኮሌት ያጋጥማችኋል። ሻጋታ አይደለም። መንገድ ላይ ወይም ሱቅ ውስጥ ለስልሶ እንደገና ሲጠነክር የካካዋ ቅቤው ወደ ላይ ወጥቶ የረጋ ነው። ለመብላት ደስ አይልም እንጂ ለማቅለጥ ምንም አይጎድለውም፤ ሲቀልጥ ነጩ ይጠፋል። ባለ ሱቁ እንደዚህ ያለውን ዋጋ ቀንሶ ቢሰጣችሁ ደስ ብሏችሁ ግዙ፤ የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉን ብቻ እዩ።

በጾም ወቅትም ይህ ነገር ያገለግላል። ጥቁር ቸኮሌት በመሠረቱ ካካዋ፣ የካካዋ ቅቤና ስኳር ነው። ይሁን እንጂ ጥቁር ተብለው የወተት ዱቄት ወይም የወተት ቅባት የሚጨመርባቸው አሉ፤ በዘይት የተሠሩትም ላይ የአይብ ውሃ ዱቄት የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ሑዳዴ ደግሞ ከአዳማ የሙቀት ወራት ጋር ስለሚገጥም በጾም የምሠራው ከታች የምነግራችሁን በረዶ የነካው ሙዝ ነው።

ፍሬውን መግዛትና ማድረቅ

የማዘወትራት የፍራፍሬ ሻጭ ማንጎ ስጠይቃት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት፤ «እናቴ፣ ለዛሬ ነው ለነገ?» ለዛሬ ካልኳት የለሰለሰውን፣ ለነገ ካልኳት ጠንከር ያለውን ትመርጥልኛለች። ለቸኮሌት ሲሆን ዛሬ የምትሠሩትን እንኳ «ለነገ» በሏት። በጣት ጫን ሲሉት ትንሽ ብቻ እሺ የሚል ፍሬ ነው የሚፈለገው። የበሰለ ፍሬ ሲቆረጥ ጭማቂውን ይለቃል፤ ቸኮሌቱ ከላይ ቢጠነክርም ከሥር ውሃ ይቋጥርና ይላቀቃል።

ሙዝ ለጀማሪ ከሁሉ ይሻላል፤ ውሃ አያንጠባጥብም፣ ዓመቱን ሙሉ ከአርባ ምንጭ ይመጣል፣ ቢበላሽም አያስቆጭም። ልጣጩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ የሆነ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ግን ገና ያልጀመረውን ውሰዱ። ብርቱካንና መንደሪን ሁለተኛ ናቸው። አናናስ ይጣፍጣል ግን ያስቸግራል። እንጆሪ ያምራል፣ ውድ ነው፣ በተሠራበት ቀን ማለቅ አለበት። ወይን ሙሉውን ሊነከር ይችላል፤ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ግን ክቡ ወይን ጉሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል በቁመቱ ለሁለት ወይም ለአራት ሰንጥቃችሁ ስጡ። ቴምር ፍሬው ወጥቶ የተቆላ ኦቾሎኒ ተሞልቶበት ቢነከር ማንም ከረሜላ አያስታውስም። ፓፓያንና ሐብሐብን ተዉአቸው፤ ሞክሬአቸዋለሁ፤ ለጭማቂ የተፈጠሩ ናቸው።

አሁን ዋናው ነገር። ፍሬ የሚታጠበው ከመነከሩ ሦስት ሰዓት ቀድሞ፣ ቢቻል በዋዜማው ነው። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ፎጣ አንድ በአንድ ይደርቃል፤ ከዚያ ሶፍት በተነጠፈበት ትሪ ላይ ሳይነካኩ ይደረደራሉ። እንጆሪ ከሆነ አረንጓዴ ቆቡን አትቁረጡ፤ ቆቡ መያዣችሁ ነው፣ ከተቆረጠም በዚያ በኩል ውሃ ያፈሳል። በቆቡ ቅጠሎች ሥር ተደብቆ የሚቀር ውሃ አለ፤ የመጀመሪያ ቀን ጉዴን የሠራው እርሱ ነው። ቅጠሎቹን ወደ ላይ ገልብጣችሁ በሶፍት ጫፍ አድርቁት።

ብርቱካንን ስትፈለፍሉ ስስ ሽፋኑን አትቅደዱት። ሽፋኑ ሳይነካ የተለያየ ቁራጭ ወንፊት ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቀመጥ ላዩ እንደ ወረቀት ይደርቃል፤ ጣት ስታሳርፉበት አይጣበቅም። ከዚያ ያለ ሥጋት ይነከራል። አናናስ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ቁራጭ ተቆርጦ፣ በሶፍት ሁለት ጊዜ ተጭኖ፣ ሳይከደን ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቀመጥ። ማንጎም እንዲሁ። መስኮት አጠገብ የምታደርቁ ከሆነ በስስ ሻሽ ሸፍኑት፤ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሳያካፍላችሁ አያልፍም።

የምትቆርጡበትን ሰሌዳም አስቡበት። ትናንት ሽንኩርት የተከተፈበት ሰሌዳ ምንም ያህል ቢታጠብ ሙዙ ላይ ይናገራል። እኔ ለፍራፍሬ ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ሰሌዳ ለይቻለሁ፤ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ማቅለጥ

ዕቃዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ትንሽ ድስት፣ አፉ ላይ በደንብ የሚገጥም ጎድጓዳ የብረት ወይም የመስታወት ሳህን፣ ደረቅ ማንኪያ፣ ሹካ፣ ስቴኪኒ፣ ትሪ፣ የኬክ ወረቀት። የኬክ ወረቀት ከሌለ ንጹሕ ፌስታል ትሪው ላይ ማንጠፍ ይቻላል፤ ጠንክሮ ሲያልቅ በቀላሉ ይላቀቃል። ማማሰያ አትጠቀሙ። የእንጨት ዕቃ ውሃ በውስጡ ይይዛል፤ የወጥ ሽታም አይለቀውም።

ሁሉም ዕቃ አጥንቱ ድረስ የደረቀ ይሁን። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ቸኮሌት ማለት ደቃቅ የስኳርና የካካዋ ቅንጣቶች በቅባት ውስጥ ተበትነው ያሉበት ነገር ነው፤ ውስጡ ውሃ የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ሲገባበት ስኳሩ ይረጥብና እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ቸኮሌቱም በአንድ አፍታ ወደ ደረቅ ጭቃ ይለወጣል። ያ ያልተገነፋ ገንፎ ያልኩት ይህ ነው። የሚገርመው መድኃኒቱም ውሃ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ከቋጠረ ዘይት መጨመር ብዙም አይረዳም፤ ትኩስ ውሃ ወይም ወተት በሾርባ ማንኪያ እየጨመሩ ቢያማስሉት ግን ተፈትቶ ለስላሳ መረቅ ይሆናል። ያ መረቅ ፍሬ ላይ አይጠነክርም፤ ከላይ ቢፈስስበት ወይም ትኩስ ወተት ውስጥ ቢገባ ግን ይጠጣል። ስለዚህ ቢበላሽባችሁ አትድፉት።

ቸኮሌቱን በቢላዋ አድቅቁት፤ ከሽንብራ ፍሬ የሚበልጥ ቁራጭ አይኑር። ከሦስት እጅ ሁለቱን ሳህኑ ውስጥ አድርጉ፤ አንዱን እጅ ለብቻ አስቀምጡ። ድስቱ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውሃ አፍሉ፤ ሲፈላ ምድጃውን አጥፉት። ከሰል ከሆነ ድስቱን አውርዱት። ከዚያ ሳህኑን ድስቱ አፍ ላይ ግጠሙት። የሳህኑ ሥር ውሃውን መንካት የለበትም፤ የሚያቀልጠው እንፋሎቱ ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ይህ ለቸኮሌት ከበቂ በላይ ነው። ጥቁር ቸኮሌት ከ50 ዲግሪ፣ የወተቱና ነጩ ከ45 ዲግሪ ባያልፉ ይመረጣል፤ ካለፉ ይጓጉላሉ፣ የተቃጠለ ሽታም ያመጣሉ። በዚህ ላይ ነጩ ከሁሉም ቶሎ የሚበላሽ ነው፤ ዓይናችሁን አትንቀሉበት።

አንድ ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት፤ ከዚያ ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያላችሁ አማስሉ። ጥቂት ያልቀለጡ ፍንካቾች ሲቀሩ ሳህኑን አንሡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሳህኑ ሥር በእንፋሎት ረጥቧል፤ ሳትጠርጉት ዘንበል ስታደርጉት ያ ውሃ ጠርዙን ዞሮ ወይ ቸኮሌቱ ውስጥ ወይ ፍሬው ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ማንሣትና መጥረግ አንድ እንቅስቃሴ ይሁን፤ ጨርቁን በግራ እጃችሁ ቀድማችሁ ያዙት።

አሁን ለብቻ ያስቀመጣችሁትን ሦስተኛ እጅ ጨምሩና ሳታቋርጡ አማስሉ። ይህ ለጌጥ አይደለም። የካካዋ ቅቤ ሲረጋ በተለያየ መልክ ሊረጋ ይችላል፤ ከእነዚያ መልኮች የሚያብረቀርቀውና ሲሰበር ጧ የሚለው አንዱ ብቻ ነው። ያልቀለጠው ቁራጭ ያንን መልክ ይዞ ስለሚገባ ለቀለጠው መንገድ ያሳየዋል፤ ልክ እርጎ ለአዲሱ ወተት እንደሚሆነው። ጥቁር ቸኮሌት 31 ወይም 32 ዲግሪ፣ የወተቱ 29 ወይም 30 ሲደርስ ለመንከር ዝግጁ ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ በንጹሕ ማንኪያ ጫፍ ትንሽ ከታችኛው ከንፈራችሁ በታች ንኩ፤ ሞቅ ካለ ገና ነው፣ ቀዝቀዝ ያለ ከመሰላችሁ ደርሷል። በዘይት ለተሠራው ቸኮሌት ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ አቅልጦ ትንሽ ማብረድ ይበቃል።

የቢላዋ ጫፍ ነክራችሁ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አምስት ደቂቃ አስቀምጡ። ካበረቀረቀና ጣት ላይ ካልቀረ ጀምሩ። ካዥጎረጎረ ትንሽ ጥሬ ቸኮሌት ጨምራችሁ እንደገና አማስሉ። ማይክሮዌቭ ያለው ሰው በግማሽ ኃይል 20 ሰከንድ 20 ሰከንድ እያደረገ፣ በየመሐሉ እያማሰለ ሊያቀልጥ ይችላል፤ ውሃ ስለሌለበት እንዲያውም ይሻላል።

መንከር

ፍሬው ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው አይነከርም። ቀዝቃዛ ፍሬ በሞቃት ቤት ላብ ያወጣል፤ ላቡ ውሃ ነው። 15 ደቂቃ ይቆይ፣ እንደገና በሶፍት ይነካ።

እንጆሪን በቆቡ፣ ብርቱካንን በአንድ ጫፉ፣ ሙዝንና አናናስን በስቴኪኒ ያዙ። ሳህኑን ወደ ራሳችሁ ዘንበል አድርጋችሁ ቸኮሌቱ አንድ ጥግ ላይ ይጠራቀም። ፍሬውን አስገቡ፣ አንድ ጊዜ አዙሩት፣ አውጡት፤ ሳህኑ ላይ እንዳለ ሦስት አራት ጊዜ እጃችሁን ነቅነቅ አድርጉ። ትርፉ ክር ሆኖ ይወርዳል፤ ክሩ ወደ ጠብታ ሲለወጥ የፍሬውን ሥር በሳህኑ ጠርዝ ጠረግ አድርጉትና ትሪው ላይ አጋድሙት። ይህቺ መጥረግ ካልተደረገች ቸኮሌቱ ከሥር ተኝቶ ሰፊ እግር ያበጃል፤ እግሩ ይሰበራል፣ ፍሬውም አብሮ ይገለጣል። ብርቱካንን ግማሹን ብቻ እነክራለሁ፤ ቀለሙ እንዲታይ ብቻ ሳይሆን የሚይዘው ሰው ጣቱን እንዳይበክል ነው።

ሳህኑ ውስጥ ያለው መወፈር ሲጀምር ድስቱ ላይ ግማሽ ደቂቃ መልሱት፤ ሥሩን መጥረግ አትርሱ።

ከላይ የሚነሰነሰው ቸኮሌቱ ሳይጠነክር በአንድ ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለበትና አስቀድማችሁ አዘጋጁት። በውጭ አገር ሥዕሎች የሚታየውን ባለ ቀለም ስኳር አልወደውም። ቤት ውስጥ ያለው ይበልጣል፦ ተቆልቶ የተሸከሸከ ኦቾሎኒ፣ የተቆላ ሰሊጥ፣ ጥቂት ቅንጣት ጨው። ከሁሉም የምመርጠው የገብስ ቆሎ ነው። አንድ እፍኝ ቆሎ ሙቀጫ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ይመታል፤ ዱቄት ሳይሆን ስብርባሪ። ሙዝ ላይ ሲነሰነስ የሙዙን ልስላሴ ይሰብረዋል፤ ሽታውም ቤቱን ያስታውሳል። ለብርቱካን ደግሞ በጣም የላመ የተፈጨ ቡና በሁለት ጣት ቁንጥጫ፣ ከዚያ አይበልጥም።

በረዶ የነካው ሙዝ

ለሞቃት ወራት ይህ ይሻላል። ሙዙን ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡ፤ በእያንዳንዱ ላይ ስቴኪኒ ሰክታችሁ ትሪ ላይ ሳይነካኩ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሰዓት አስቀምጡ። ለ200 ግራም ቸኮሌት ሁለት የሻይ ማንኪያ የኮኮናት ወይም የሱፍ ዘይት ጨምራችሁ አቅልጡ። ያለ ዘይት ከሆነ ቸኮሌቱ ቅዝቃዜው ሲነካው በድንገት ጠንክሮ ይሰነጠቃል። የኮኮናት ዘይት ስትገዙ ለምግብ መባሉን አንብቡ፤ ሱቆቻችን ውስጥ በብዛት ያለው ለፀጉር የተዘጋጀው ነው። ከፍሪዘር አምስት አምስት ብቻ እያወጣችሁ ንከሩ፤ ቸኮሌቱ ገና እጃችሁ ላይ እያለ ስለሚጠነክር ቆሎው ወዲያውኑ ይነስነስበት። ከዚያ ወደ ፍሪዘር። በተከደነ ዕቃ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ለትንንሽ ልጆች ከመስጠታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ አለስልሱትና ስቴኪኒውን አውጡ።

የብርቱካን ልጣጭ

ፍሬውን ከበላን በኋላ የምንጥለው ልጣጭ ከዚህ ሁሉ ሥራ በጣም የሚጣፍጠው ነው፤ ውሃው ቀድሞ ስለሚያልቅም ቸኮሌትን አያስቸግርም። የመርቲና የኑራ ኤራ ብርቱካን ስሙ በቆየበት አካባቢ እየኖርን ልጣጩን መድፋት ያሳዝናል።

የሦስት ብርቱካን ልጣጭ ይበቃል። ብርቱካኑን ከመላጣችሁ በፊት በሞቀ ውሃ አሽታችሁ እጠቡት። ልጣጩን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፋት እያላችሁ ሰንጥቁት። በቀዝቃዛ ውሃ ጥዳችሁ ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ አቆዩትና ውሃውን ድፉ፤ ይህንን ሦስት ጊዜ ድገሙት። ምሬቱን የሚያወጣው ይህ ነው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ አድርጌ ተጸጽቻለሁ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ተኩል ስኳር በአንድ ብርጭቆ ተኩል ውሃ አፍልታችሁ ልጣጩን ጨምሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 የስኳር ፋብሪካ የተከፈተባት ወንጂ ጎረቤታችን ናትና በስኳሩ መሰሰት አያምርብንም። በጣም በቀስታ እሳት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይንተክተክ፤ ውሃችን ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። ልጣጩ ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪመስል፣ በጥርስ ሲነካም ያለ ትግል እስኪቆረጥ ነው። አታማስሉት፤ ድስቱን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል፤ ካማሰላችሁት ስኳሩ ተመልሶ ይረጋል።

ወንፊት ላይ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጣት ላይ ሲጣበቅ ገና ነው። ከደረቀ በኋላ ግማሹን በጥቁር ቸኮሌት ንከሩት። በደንብ በሚዘጋ ቆርቆሮ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል፤ ከቡና ጋር ሲቀርብ ስኒው ውስጥ ስኳር የሚጨምር ሰው ይቀንሳል። ድስቱ ውስጥ የቀረውን ሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ለሻይ አቆዩት።

ማስቀመጥ

የተነከረው ፍሬ ፍሪጅ ውስጥ ለመጠንከር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ረጅም ሰዓት ሳይከደን ሲቆይ ሁለት ነገር ይመጣበታል። አንደኛው ሽታ ነው። የካካዋ ቅቤ እንደማንኛውም ቅባት አጠገቡ ያለውን ሽታ ይስባል፤ የእኛ ፍሪጅ ደግሞ ንጥር ቅቤ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ ያደረ ወጥ ያለበት ነው። አንድ ጊዜ ለእንግዳ ያቀረብኩት ሙዝ ቁሌት ቁሌት አለ፤ እንግዳዬ ጨዋ ስለነበረች ሁለተኛ አላነሣችም እንጂ ምንም አላለችም። ሁለተኛው ላብ ነው። ቀዝቃዛ ቸኮሌት ድንገት ወደ ሞቃት ቤት ሲወጣ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ጤዛው ሲደርቅ የስኳር ነጭ ብናኝ ጥሎ ይሄዳል። መፍትሔው አንድ ነው፦ በደንብ የሚከደን ዕቃ፣ በየመደቡ መሐል ወረቀት። ለእንግዳ ስታወጡትም ክዳኑን ሳትከፍቱ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ጤዛው ክዳኑ ላይ ይቅር።

እንጆሪና አናናስ በዕለቱ ይብሉ። ፍሪዘር ያልገባ ሙዝም እንዲሁ፤ በማግሥቱ ይጠቁራል። ብርቱካን አንድ ቀን ያድራል። ቴምርና ልጣጭ አይቸኩሉም።

ሳህኑ ላይ የቀረውን ቸኮሌት ወዲያው ማጠቢያ ውስጥ አታፍስሱት፤ ቧንቧ ውስጥ ይጠነክራል። ውሃ ካልነካው ወረቀት ላይ አፍስሳችሁ ለሚቀጥለው ጊዜ አቆዩት። ጭማቂ ከነካው ደግሞ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ሳህኑ ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉ። የእኅቴ ልጅ ያንን ለመጠጣት ስትል ብቻ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ በርጩማዋን ማዕድ ቤቱ በር ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።